ከቅቤው ቅል ጋር የተሰቀለ ኪኒን

ታላቅ ወንድሜ መሪጌታ ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን እሱ ብዬ ልገላገል። አገሩ ላሊበላ፣ ሥራው ዝማሬ፣ ሕይወቱ ደግሞ አንዲት ቦታ ናት፤ የገና ለት ካህናቱ ከዓለቱ ጫፍ ላይ ዙሪያውን ተሰልፈው ሲያሸበሽቡ እሱ የሚቆምባት ቦታ። ሚስቱን እንኳ እንደዚያች ድንጋይ ሲሳሳላት አላየሁም።

ጥምቀት እንዳለፈ ራሱን ያዞረው ጀመርና ጤና ጣቢያ ስወስደው፣ ነርሷን የጠየቃት ስለ ሞት አልነበረም። “ለገና እቆማለሁ?” ነው ያላት። የደም ግፊቱን ለክታ፣ ምክሬን ከሰሙ ይቆማሉ አለችው።

ምክሯን ስሰማ ሳቄ አመለጠኝ። በእግርዎ ይሂዱ አለችው። የላስታን ሰው! እኛ ዘንድ ውሃ ቀድቶ ዳገቱን የወጣ ሰው ደጁ ሲደርስ ጥሙ ብሶበት የቀዳውን ይጨርስና መልሶ ይወርዳል። ቅባት ይቀንሱ አለችው፤ ቅቤ እኛ ቤት የሚገባው እንደ ጳጳስ ነው፣ ከስንት አንዴ፣ በእልልታ። በቂ እንቅልፍ ይተኙ አለችው፤ መሪጌታ የሚተኛው ማኅሌት ላይ ቆሞ ነው፣ መቋሚያም የተሠራው ለዚሁ ይመስለኛል። ጨው ይተዉ፣ ይህችን ኪኒን ደግሞ በየቀኑ ጧት በውሃ ይዋጡ ብላ አሰናበተችን።

ወንድሜ ከባድ ከባዱን ሁሉ ፈጸመ። ጨው የሌለው ሽሮ በላ፤ እኔ አንድ ጊዜ ብቀምሰው ግድግዳ የላስሁ መሰለኝ። መኪና እያለ ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ በእግሩ ደርሶ መጣ። በፍስኩ ወራት ነርሷ ደግማ ስትለካው ፊቷ በራ።

ከዚያ ዐቢይ ፆም ገባ። የቅበላ ለት የወንድሜ ሚስት እንደ ልማዷ ድስቱን ሁሉ በአመድ ፈትጋ የቅቤውን ቅል ከጣሪያው ሥር ሰቀለች። ወንድሜ ኪኒኑን ይዞ መጣና፣ “ይችንም አብረሽ ስቀያት” አላት። ነገሩ ግልጽ ነበር። ኪኒኗ የጧት ናት፤ በፆም ደግሞ ፀሐይ ካላዘቀዘቀች ውሃ እንኳ በአፉ አይዞርም። ስለዚህ ኪኒን ከሥጋና ከቅቤ ተርታ ገብታ ፋሲካን ትጠብቅ ጀመር። ኋላ እንደ ሰማሁት፣ ከዚያ በፊትም ረቡዕና ዓርብ አይነካትም ነበር። ሚስቱም የመሪጌታ ሚስት ናት፤ ስቀይ ሲሏት ሰቀለች።

የስቅለት ለት አገር ሁሉ ይሰግዳል። ወንድሜ ሰግዶ ሳይነሳ ቀረ። ሰው ስግደቱን ያስረዘመ መሰለው። አጠገቡ የነበሩት ቄስማ ቀንተውበት፣ አልበለጥም ብለው እሳቸውም ግንባራቸውን ሳያነሱ ቆዩ አሉ። እንዲህ ነን፤ ሰው ሲወድቅ ጸደቀ እንላለን።

ግፊቱ ግራ ጎኑን ይዞት ሄደ። ኪኒኑን ከቅሉ ጎን አውርጄ፣ ለፆሙ እንደ ተሰቀለ ነግሬ ለነርሷ አሳየኋት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችው።

“ማታ ለምን አልዋጡትም?”

“ማታስ ይሆናል?”

“ማታም ጧትም ያው ነው። ጧት ያልሁት እንዳይረሱት ብዬ ነው እንጂ።”

እሷ፣ ለመሪጌታ ስለ ፆም መናገር ነውር መስሏት ዝም አለች። እሱ፣ ትናንት የተወለደች ልጅን ስለ ሰዓት መጠየቅ ውርደት መስሎት ዝም አለ። ሁለት ጨዋ ሰዎች ተከባብረው አንድ ጎን ረገፈ።

ከዚያ ወዲህ ኪኒኑ ተጨመረ፤ የጧትም የማታም አለው። እኔም ጧት ጧት ከበሩ እስከ አጥሩ እደግፈዋለሁ። ይምርሐነ ደርሶ የመጣው ሰውዬ አጥሩ ጋ ሲደርስ እንደ ተሳላሚ ተደግፎ ያርፋል። የነቢያት ፆም የገባ ለት ግን የጧቱን ባቀርብለት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

“ጋሼ፣ ስንቱን በሽተኛ መድኃኒት ፆም አይሽርም ብለው አሰናብተዋል” አልሁት።

“እሱ ለደካማ ነው።”

“አንቱስ አሁን ምንድን ነዎት? እስቲ ግራ እግርዎን ይጠይቁልኝ።”

ከግድግዳው ሳይዞር አፉን ከፈተ። በዕድሜዬ ሙሉ እሱን መርታት እመኝ ነበር፤ ስረታው ግን ውሃውን እንደ ሕፃን አገጩን ይዤ አጠጣሁት።

ገና ደረሰ። ደግፌ ወስጄ ከታች፣ ከተሳላሚው መካከል አስቀመጥሁት። ካህናቱ ከላይ ከዓለቱ ጫፍ ተሰልፈዋል። በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ቆሟል፤ መልከ መልካም ነው፣ ድምፁም አይከፋም። ወንድሜ እንደ ፈረንጅ አንጋጦ ሲያይ ቆየና በጠመመው አፉ አንድ ነገር አለ።

“ዜማውን ቀድሟል።”

“ማን?”

“ቦታዬ።”

ቀኝ እጁ መቋሚያውን በልኩ አነሳ፣ በልኩ መለሰ። ግራው ጭኑ ላይ ተኝቷል። እሱ እንኳ በቂ እንቅልፍ አግኝቷል።