ክንድ ላይ የሚፈተን ቀለም

ሥራ በገባሁበት ቀን ርእሰ መምህሩ አቶ ሐጎስ የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ሰጡኝና የኔን መስመር በጣታቸው አሳዩኝ። ለየክፍሉ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ ያውም ከሰዓት በኋላ፣ ልጆቹ ሲዝሉ። “ጓለይ፣” አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ “ሥዕል ጥሩ ነገር ነው። የሒሳብ መምህሩ ያልጨረሰው ምዕራፍ ካለ ግን ትለቂለታለሽ።” እሺ አልኩ። እንደማልለቅለት ያን ጊዜም አውቅ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ ነው። ዕቃ ቤቱን ብፈትሽ ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ቀለም በጠርሙስ አገኘሁ። ብሩሽ የሚባል ነገር የለም። ልጆቹን መፋቂያ አምጡ አልኳቸው። ጫፉን አኝከው ሲያለሰልሱት ደህና ብሩሽ ይወጣዋል፣ ጥርሳቸውም በዚያው ይጸዳል። ቀለም የምንበጠብጠው በለስላሳ ቆርኪ ነበር።

ልጆች ሰው ሲሥሉ ፊቱን ነጭ ይተዉታል፤ አለዚያም ሁሉንም ሰው በአንድ ቡኒ ይለቀልቁታል። ይህ ነገር ያናድደኛል። ስለዚህ ሁለት ሁለት አድርጌ አስቀምጣቸውና የጓደኛችሁን መልክ በጥብጡ እላቸዋለሁ። ቢጫ፣ ቀይ፣ ጥቂት ሰማያዊ። ከዚያ በመፋቂያው ጫፍ ጓደኛቸው ክንድ ላይ ጠብ ያደርጉና እፍ እፍ ብለው ያደርቁታል። ነጠብጣቡ ከቆዳው ተለይቶ ካልታየ ልክ ነው። ከታየ እንደገና መበጥበጥ ነው። “አንተ እኮ ብርቱካን ነህ” እየተባባሉ ይሳሳቃሉ። ክንድ ለክንድ ተያይዘው የዋሉ ልጆች ዕረፍት ሰዓት ላይ ሲደባደቡ አላየሁም። እሺ፣ አልፎ አልፎ አይቻለሁ።

ከጦርነቱ በኋላ ትምህርት ቤቱ እንደገና ሲከፈት ልዋም የምትባል ልጅ አራተኛ ክፍል ገባች። ሰው አታስነካም፣ አትናገርም። ምን እንደደረሰባት አልጠየቅሁም፣ እናቷም አልነገረችኝ። አንዲት ልጅ ሰልፍ ላይ እጇን ብትይዛት ፊቷን ቧጨረቻት። አቶ ሐጎስ እናቷን አስጠርተው፣ ይህ ከተደገመ ልጅቷ እቤት ትቆያለች አሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ የተቧጨረችውም ልጅ እናት አላት።

የልዋም እናት ጉሊት ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ናት። ስትወጣ በር ላይ ያዘችኝ። “መምህር፣ እቤት ከዋለች ትጠፋብኛለች። እዚህ መምጣት ከጀመረች ወዲህ ቢያንስ እህል ትቀምሳለች” አለችኝ።

አንድ ዓርብ የክንዱ ትምህርት ተራ ደረሰ። ልዋም የራሷን ክንድ እንድትሠራ ብቻዋን መስኮት ሥር አስቀመጥኳት። ዘይነብ ሳልጠራት አጠገቧ መጥታ ቁጭ አለች። ዘይነብ ከወሎ መጥቶ ገበያው ውስጥ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ልጅ ናት፤ ትግርኛውን ታንበለብለዋለች፣ ምላሷ አያርፍም። ያን ቀን ጥንዷ ቀርታባት ነበር። ክንዷን ዴስኩ ላይ ዘረጋችና “የኔ መልክ አስቸጋሪ ነው፤ እስቲ ሞክሪው” አለቻት።

ልዋም መፋቂያዋን ነከረች። ደጋግማ ተሳሳተች። በመጨረሻ ነጠብጣቡ ዘይነብ ክንድ ላይ ጠፋ። ዘይነብ ክንዷን ከፍ አድርጋ ለክፍሉ ሁሉ አሳየች፣ የማይታይ ነገር ማሳየት ከተቻለ።

“አሁን የኔ ተራ ነው” አለች ከዚያ፣ የልዋምን መልክ እየበጠበጠች። አቶ ሐጎስ ደግሞ በዚያችው ሰዓት በር ላይ ቆመዋል።

ልዋም ክንዷን ጉያዋ ውስጥ ወሸቀችው። “ጽንሒ” አለች፤ ቆዪ ማለቷ ነው። ክፍል ውስጥ ድምጿን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ምላሷ የማያርፈው ዘይነብም ቆየች። ቀለሙ ቆርኪው ውስጥ ወፈረ። ሌሎቹ ልጆች ክንዳቸውን ታጥበው ጨረሱ። “በቃ ተይው” ልል ከአፌ ደርሶ ዋጥኩት።

ልዋም እጅጌዋን ራሷ ሰበሰበችና ክንዷን ዴስኩ ላይ አኖረች። መፋቂያው ሲነካት ግን ተስፈንጥራ ተነሳች። የውሃው ጣሳ ተገልብጦ የዘይነብን ቀሚስ አራሰው። አቶ ሐጎስ ወደ ውስጥ ሲራመዱ እጄን ዘርግቼ አቆምኳቸው። አለቃዬን እንደዚያ ያቆምኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዘይነብ ቀሚሷን ጨመቀች። “ውሃ እኮ ነው” አለች። መፋቂያዋን እንደያዘች እንደገና መጠበቅ ጀመረች።

ልዋም ቀስ ብላ ተቀመጠች። ክንዷ ላይ የቀረችውን ነጠብጣብ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ መረመረችና ፊቷን አኮማተረች። “ገና ነው። ቀይ ያንሰዋል” አለች። ክንዷንም መልሳ ዘረጋች።

እኔ ዞር ብዬ ሰሌዳ ጠረግሁ። ሰሌዳው ላይ የሚጠረግ ነገር አልነበረም፤ እንባዬን ልጆቹ እንዳያዩብኝ ነው። አቶ ሐጎስ አጠገቤ መጥተው በለሆሳስ “ሰኞ እንደ ልማዷ ትምጣ” አሉኝ።

የልዋም ነገር በአንድ ዓርብ አላለቀም። ሰልፍ ላይ እጅ መያዝ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልቻለችም። ከዘይነብ ጋር ግን ዓመቱን በአንድ ዴስክ ጨረሱ፣ እናትየውም ሁለተኛ አልተጠራችም።

ለአዲስ የሥዕል መምህራን የምለው ይህን ነው። ቀለሙን እናንተ አዘጋጁ፣ ጥንዱን እናንተ መድቡ። ክንዱን የሚዘረጋው ግን ባለክንዱ ነው። ክፍለ ጊዜው ቢያልቅም አትጎትቱት።