የሴቴፋኖ የጎማ ጫማ

በሳቫዪ ደሴት በእኛ መንደር ዳርቻ ባሕሩ በጥቁሩ ቋጥኝ ሥር ይገባና በላይ ባለው ቀዳዳ ውኃውን ወደ ሰማይ ይተፋዋል። እንግዳ ሲመጣ ሴቴፋኖ ቀዳዳው ውስጥ ኮኮናት ይወረውራል። በጊዜው ከወረወረ ኮኮናቱ ከዛፎቹ በላይ ይወጣል። ከቀደመ ይሰምጣል፣ ከዘገየ ደግሞ ባዶ ውኃ ይወጣና እንግዳው "ይኸው ነው?" ይላል።

ሴቴፋኖ ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ሠላሳውን ዓመት የቆመው እዚያው ቋጥኝ ላይ ነው። ወሬ አይወድም። ታላቅ እህቱ ሳሮና መግቢያው ላይ ካለችው ጎጆ ተቀምጣ እንግዳ ትቀበላለች፤ የእሱንም ድርሻ እሷው ታወራለታለች።

ባለፈው ጥቅምት ሹል ድንጋይ እግሩን ቆረጠው። ኦክላንድ ያለችው ልጁ ማታሌና ይህን ሰምታ ሶሉ ወፍራም የሆነ የጎማ ጫማ ላከች። ሳሮና በእጇ አደረገችለትና "እንዳታወልቀው" አለችው። በእኛ ዘንድ ወንድም የእህቱን ቃል አያጥፍም።

ከዚያ ወዲያ መሳት ጀመረ። የገና በዓል ሲቃረብ ከአሥራ አንድ ኮኮናት ሦስት ብቻ ወጣለት። በመንደሩ ወሬው ደራ።

"ዓይኑ ነው።"

"ኧረ ጆሮው ነው። ትናንት ሰላም ብለው ዝም አለኝ።"

"ድሮስ መቼ መልሶልህ ያውቃል?"

በመጨረሻ የመንደሩ ሹም ቱአላ ሰኞ መጥቶ ሊያየው ቆረጠ። ሦስት ይወረውራል፤ ሦስቱንም ከሳተ ሥራው ለሌላ ይሰጣል። ሴቴፋኖ እሑድ ራት አልቀመሰም።

ሰኞ ዕለት እኔ ሳሮና አጠገብ ተቀምጬ ነበር።

"ሴቴ፣ እንደ ወንድም ነው የመጣሁት" አለ ቱአላ።

"እንደ ዳኛ ነው የመጣኸው። ወደ ኋላ ቁም፣ ትረጥባለህ።"

ቱአላ አልተንቀሳቀሰም። የመጀመሪያው ኮኮናት ሰመጠ። ሁለተኛው ዘገየና ባዶው ውኃ ሹሙን ከራሱ እስከ እግሩ አራሰው። ሳሮና ሳቋ አመለጣትና አፏን በእጇ ያዘች።

ሦስተኛውን ሳያነሣ አንድ ትልቅ ማዕበል ቋጥኙን አጥቦ ተመለሰ፤ የግራ ጫማውንም ከእግሩ መንጭቆ ቀዳዳው ውስጥ ከተተው። ሴቴፋኖ በአንድ ባዶ እግሩ ቆሞ ኮኮናቱን ያዘ።

"አሁን!" ብለን ጮኽን።

እሱ ግን አልሰማንም። እግሩን ድንጋዩ ላይ ደልድሎ ጠበቀ። ከዚያ ወረወረ። ኮኮናቱ ከዛፎቹ በላይ ወጣ፤ ጫማውም ተከትሎት ወጣ።

"ያኛውንም አውልቀው" አለ ቱአላ፣ ፊቱን እየጠረገ።

ሴቴፋኖ እሱን ትቶ እህቱን አየ።

"ምን ታየኛለህ?" አለች ሳሮና።

"ውኃው ሊመጣ ሲል ድንጋዩ ይንቀጠቀጣል፣ እትዬ። የማውቀው በውስጥ እግሬ ነው።"

"ታዲያ እስካሁን ዝም ያልከው ምን ሆነህ ነው?"

"አንቺ ያደረግሽልኝን እንዴት አወልቃለሁ?"

ሳሮና ተነሥታ ቋጥኙ ድረስ ሄደችና የቀረውን ጫማ ራሷ አወለቀችለት። ጠፍቶ የነበረውንም ከዛፎቹ ሥር ፈልጋ አመጣችው።

ማታሌና ስትደውል ሳሮና "ጫማውን እሑድ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ያደርገዋል" ትላታለች። እውነቷን ነው፤ ያደርገዋል።