ነጩ ክር ሰማያዊ የሆነበት ጠዋት

መጀመሪያ የተጨቃጨቅነው በክር ነው። ባለቤቴ ማቴዎስ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው፤ እኔ እፈትላለሁ፣ እሱ ይሸምናል። ያን ቀን ጠዋት የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰዶ እንደተቀመጠ፣ «አስቴር፣ ይሄን ማግ ምን ውስጥ ነከርሽው? ሰማያዊ ሆኗል እኮ» አለኝ። ጥጡን የመረጥኩትም የፈተልኩትም እኔ ነኝ። ወደ መስኮቱ ወስጄ አየሁት። ነጭ ነው። ቀልዱን እንዲተው ነግሬው ሳቅኩ።

እሱ ግን አልሳቀም። የጀመረውን ነጠላ በጣቱ ሲዳብስ ቆየና ቀና ብሎ አየኝ። አስተያየቱ እስካሁን ይዘገንነኛል።

«ፊትሽም ሰማያዊ ነው» አለ። «ከኋላሽ ያለው ግድግዳም።»

ዞር ብዬ ግድግዳውን አየሁ። ትናንት የነበረው ግድግዳ ነው። ክፉ መንፈስ ቤታችን የገባ መሰለኝና «በኢየሱስ ስም!» አልኩ፣ ማንን እንደምገሥጽ ሳላውቅ።

ከጉድጓዱ ልወጣ ብሎ ተነሣ። ወደቀ። ላብ አጠመቀው። እጁ ቀዘቀዘ። «ደረቴን» አለ። ስጠራው ይመልስልኛል፤ ድምፁ ግን ከሌላ ክፍል የሚመጣ ይመስል ነበር። በጎረቤት መኪና ሆስፒታል አደረስነው።

ሐኪሙ የልብ ምርመራውን ኢሲጂ እያስነሣው፣ «የወሰደው መድኃኒት አለ?» ብሎ ጠየቀ። ማቴዎስ አፉን ሳይከፍት ቀደምኩት። ለራስ ምታት እንኳ ኪኒን የማይነካ ሰው ነው አልኩ፤ በኩራት ነው ያልኩት። ነርሷ ለደረት ሕመሙ ከምላስ ሥር የሚቀመጠውን ናይትሮግሊሰሪን ይዛ ቆማለች። ማቴዎስ እጄን ለቀቀ።

«አስቴር፣ ውጪልኝ።»

ወጣሁ። በሩ ተዘጋ። የሚሞት ሰው ሚስቱን ያስወጣል? ተናድጄም ፈርቼም ነበር። ያኔ የሐኪሙ ድምፅ ከውስጥ ተሰማ፤ «ናይትሮግሊሰሪኑን መልሺው! እንዳትሰጪው!» ከዚያ ሩጫ ሆነ። የደም ግፊቱ ወርዶ ነበር። እግሩን ከፍ አድርገው፣ በደም ሥሩ ፈሳሽ እየሰጡ ያዙት።

በሩ እንደተዘጋ ለሐኪሙ የተናዘዘውን ካገገመ በኋላ ለእኔም ራሱ ነገረኝ፤ ለሌሎች እንድጽፈውም ፈቀደልኝ። ስንፈተ ወሲብ ይዞት ከእኔ ደብቆ ኖሯል። በዋዜማው ማታ ለዚሁ የሚወሰደውን ታዳላፊል የሚባል ኪኒን ውጦ እንዳሰበው ሳይሆንለት ሲቀር፣ ሊነጋጋ ሲል የሥራ ጓደኛው የሰጠውን ሌላ የዚሁ ችግር ኪኒን፣ ሲልደናፊል፣ ጨመረበት። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ «ነጠላ ካላሞቀ ይደረባል ብዬ ነዋ!» አለኝ። የሸማኔ ነገር! ሳልፈልግ ሳቅሁ፣ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ።

ሐኪሙ ኋላ ሁለታችንንም አስቀምጦ፣ «ስማቸው ይለያይ እንጂ ሁለቱም የሚሠሩት የደም ሥርን በማላላት ነው» አለን። «ሲደራረቡ ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ሊጥሉ ይችላሉ። ናይትሮግሊሰሪን ቢጨመር ኖሮ ላናተርፈው እንችል ነበር።» ታዳላፊል ከአንድ ቀን በላይ ሰውነት ውስጥ እንደሚቆይ፣ ሲልደናፊል ደግሞ የአንዳንዱን ሰው ቀለም የማየት ችሎታ ለጊዜው እንደሚያዛባም አስረዳን። ለስንፈተ ወሲቡ ምክንያት ሲፈለግ የስኳር በሽታ ተገኘበት፤ አሁን ለሱ እየታከመ፣ ቀስ በቀስ ወደ ሽመናው ተመልሶ፣ እንደ ድሮው በጥለት ምርጫ እየተከራከረኝ ይሠራል። እኔ ግን አዲስ ማግ ባቀበልኩት ቁጥር ምን ሊል ይሆን እያልኩ አፍ አፉን አያለሁ።

እግዚአብሔር ይመስገን፤ ያን ሐኪምና ያቺን ነርስም ይባርክልኝ። ወንድሞቼ፣ አንዱ አልሠራ ካለ ሌላ አትደርቡበት፤ ከጓደኛ ኪስ የወጣ ኪኒን አትዋጡ፣ ሐኪም አማክሩ። ደረታችሁን ካመማችሁ ደግሞ የወሰዳችሁትን በስሙ ተናገሩ። እህቶቼ፣ ሐኪም ስለ መድኃኒት ሲጠይቅ በባላችሁ ፈንታ አትመልሱ። እስኪያስወጣችሁም አትጠብቁ፤ ተነሥታችሁ ውጡና በሩን ዝጉለት።