ቀማሹ ያልቀመሳት አጥንት

እኛ ቀማሹ ነው የምንለው። ስሙን የሰማ ሁሉ የወጥ ቤት ሰው ይመስለዋል፤ እሱ ግን የሙዚየማችን የአጥንት ክፍል ኃላፊ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ምድር ቤት ተቀምጦ፣ ከቁፋሮ የሚመጣውን ስብርባሪ በምላሱ እየነካ አጥንቱን ከድንጋይ ሲለይ ኖሯል። ያረጀ አጥንት ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ምላስ ላይ ይጣበቃል፤ ድንጋይ አይጣበቅም። የቀመሰውን ካርዱ ጥግ ላይ በእርሳስ ራይት ያደርግና ወደ እኔ ይልከዋል። እኔ ፎቅ ላይ መዝገብ ያዥ ነኝ። ካርዶቹን በየተራቸው እሰካለሁ፣ በትርፍ ጊዜዬ ሰው እታዘባለሁ።

ጉራው ለከት አልነበረውም። "ያልቀመስኩት አጥንት እዚህ ቤት የለም" ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። ሚስቱ አፉን ሳይጉመጠመጥ የቤቷን ደፍ አታስረግጠውም ይባላል። እኔ ብሆንም አላስረግጠውም።

ዶክተሯ የመጣችው ዓምና ነው። ከጥንት አጥንት ዲኤንኤ አውጥታ፣ አጥንቶቹ በወጡበት ዋሻ የኖሩት ሰዎችና ፍየሎቻቸው ከየት እንደመጡ፣ ከማን ጋር እንደሚዛመዱ ልታጠና። ነጭ ቱታ ለብሳ፣ ሁለት ጓንት ደርባ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ስትገባ ቀማሹ ከላይ እስከ ታች አያትና "ምን ይዞን ነው እንዲህ የፈራሽን?" አላት። ስቃ የሁላችንንም ጉንጭ ከውስጥ በጥጥ ጠረገች። የእኛን ከእነሱ ለመለየት ነው አለች። ስለ ምላሱ ማናችንም ትንፍሽ አላልንም። ልንደብቃት አይደለም፤ ሰው ስለ መተንፈሱ መቼ ያወራል?

በሦስተኛው ወር ውጤቱን ይዛ ምድር ቤት ወረደች። እኔም ካርድ ላመሳክር ነው በሚል ሰበብ ተከተልኳት።

"ጋሼ፣ ከሁለቱ ጥርሶችና ከጭን አጥንቱ ያገኘነው ዲኤንኤ የአንድ ሰው ነው።"

"አንድ ቤተሰብ ናቸዋ!"

"የእርስዎ ነው።"

ቀማሹ መነጽሩን አወለቀ። "የፍየሉስ?"

"ፍየሉም ላይ እርስዎ አሉ።"

"እንግዲህ ከፍየል ጋር አዛመድሽኝ" አለ። የሳቀ አልነበረም።

ከዚያ እንዴት እንደሆነ ሊያስረዳት ብሎ ከጠረጴዛው ላይ አንድ የጎድን አጥንት አነሳና እፊቷ ምላሱ ላይ ለጠፈው። እጄን በአፌ ጫንኩ። ዶክተሯ ሣጥን ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። ጥንታዊው ዲኤንኤ ጥቂትና የተሰባበረ ነው፤ ምራቁ በስብራቱ ሰርጎ ከገባ የእሱ ትኩሱ ያንን ይውጠዋል። ላቦራቶሪው የሚቀበላት አንድ ናሙና ብቻ ቀርቷታል። ያም ከተበላሸ እኛ ጋ ሳትመጣ ጀምሮ የለፋችበትን አራት ዓመት ውሃ በላው።

"ያልቀመሱት አንድም የለም?"

"የለም" አለ። ያን ቃል ሳይኮራበት ሲናገር የሰማሁት ያኔ ነው።

ሁለት ቀን ሙሉ ካርድ ሳገላብጥ ከርሜ ራይት የሌለው አንድ አገኘሁ። የሕፃን ራስ ቅል፣ ዕድሜ ስድስት ዓመት ገደማ። በእሱ እጅ "በደረቅ ብሩሽ ብቻ" ተብሎ ተጽፎበታል። ቀኑን ሳይ መልሼ ልሰካው ቃጣኝ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ እሱ ለአንድ ሰሞን ቁፋሮ ወርዶ ሳለ፣ የስድስት ዓመት ልጁን ትኩሳት ጣላት። መልእክቱ ዘግይቶ ደረሰውና፣ ይህ ራስ ቅል ካለበት ሣጥን ጋር በአንድ መኪና ተጭኖ ሲመጣ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። በማግስቱ ሥራ ገባ። ማንም ምንም አልጠየቀውም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ዛሬም ይቆጨኛል።

ካርዱን አሳየሁት።

"ሌላ ፈልጊ" አለኝ።

"ሌላ የለም።"

"ይበሷታላ።"

ከኋላዬ የቆመችው ዶክተሯ ለአጥንቱ የተጨነቀ መስሏት ልታጽናናው ሞከረች። "ጋሼ፣ ከጆሮዋ ጀርባ ነው። የምወስደው ዱቄት የጥፍር ራስ አይሞላም። ከፊት ለፊት አይታይም።"

ቀማሹ እጁን ዘረጋላትና "ጓንት ስጪኝ" አላት። በሠላሳ አንድ ዓመት ጓንት ሲያደርግ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ግራና ቀኙን አምታታው። ከታችኛው መሳቢያ፣ ከጥግ፣ በጥጥ የተጠቀለለችውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

"ቀስ ብለሽ" አላት።

በአምስተኛው ሳምንት ዶክተሯ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። እኔ ካርዶች ይዤ እዚያው ነበርኩ። ቀማሹ የተሰነጠቀ መንጋጋ እያጣበቀ ነው።

"ጋሼ! ተሳካ! ሴት ልጅ ናት! ንጹሕ ነው፣ የእሷ ብቻ ነው የወጣው። ከእርስዎ ቅንጣት ታህል አልተገኘባትም!"

ቀማሹ የሙጫ ብሩሹን በጥንቃቄ ብልቃጡ አፍ ላይ አጋደመው።

"አይገኝም" አለ። "የኔዋም ላይ አይገኝም። ደርሼ አልሳምኳትም።"