የባሕር ዛፉ ጠባቂ ዓይን

እሰይ፣ ደስ ይበላችሁ፣ ቀኝ ዓይኑ በራ። የማን አትሉም? የቆቁ ነዋ፣ የባሕር ዛፉ ጠባቂ። ኮሽ ሲል ስለሚነቃ ነው ቆቁ ያሉት።

ደኑን ለሁለት የሚከፍል፣ እሳት እንዳይሻገር ሣሩ ሳይቀር የተመነጠረ ባዶ መንገድ አለ። ባዶ ስለሆነ ፀሐይ ያገኘዋል፤ ፀሐይ ስላገኘው ሠራተኛው ሁሉ ለማገዶ የሚወስደውን ቅጠልና ቅርፊት እዚያ ያሰጣል። ቆቁም አይቶ ዝም። የገዛ ቤቱ ማገዶ ከዚያው ነው።

አንድ ቀን የሚስቱ ወንድም፣ ዛፍ ቆራጩ፣ «ስማ አማቼ፣ ይሄ ቅጠል እኮ ጋዝ በለው» አለው።

«ምላስህ ከመጥረቢያህ ይሰላል። ማታ ይነሳል አልኩህ።»

«እሳቱ እስኪመሽ ይጠብቅሃላ።»

የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፤ እርጥቡም ቢሆን ነበልባል ሲነካው ቦግ ይላል። ተልጦ የተንጠለጠለው ቅርፊት ደግሞ እሳቱን ወደ ጫፍ ያወጣዋል፤ ነፋስ ሲያገኝ እየነደደ በአየር ይበርራል። እሳቱ የተነሳ ቀን ባዶው መንገድ ባዶ አልነበረም። ቆቁ ስጡን ጎትቶ ሊያወጣ ዘሎ ገባ፤ ፊቱ ላይ ቦግ አለበት። ቆራጩ ጎትቶ አወጣው። ከዚያ የማገዶ ለቃሚ ጩኸት ሰማና ተመልሶ ገባ። በዚያው ቀረ።

ለቆቁ ይህን የነገረው የለም። ፋሻ ተጠቅልሎ ስለ ቆራጩ ሲጠይቅ ሚስቱ «ሥራ በዝቶበት ነው» ትለዋለች፣ ድምጿን እንደ ምንም አስተካክላ።

ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ ሳያስጠነቅቅ መጥቶ ፋሻውን ፈታ። ግራው ጠፍቷል። ቀኙ ግን መስኮቱን አየ፤ የአልጋውን ብረት አየ፤ እሷን አየ።

«ከስተሻል» አላት።

«አንተ ደግሞ አምሮብሃል» ብላ ልትስቅ ሞከረች።

ቀሚሷን ከላይ እስከ ታች አየው። ጥቁር ነው።

«ወንድምሽ ነው?»

አንገቷን ደፋች።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሐኪሙ «እንባ ለቁስሉ አይሆንም» ቢለው ማን ሊሰማው። ሚስቱ መሐረቧን አጥፋ ከዓይኑ ሥር ያዘችለት፤ የራሷን ማበሻ አልተረፋትም።

ያም ሆኖ አየ እኮ። እናቱ ልጄ ታወረ ብለው እህል አልቀምስ ብለዋል። ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ እሳቸው ጋ ልሩጥ።