ዲስክ ላይ ያልወረደ ስም

ፖሊሶች ጭሮ ካለችው የኮምፒውተር ጥገና ቤቴ ሲወስዱኝ የፈታሁትን ላፕቶፕ እንድገጥም እንኳ ጊዜ አልሰጡኝም። ምክንያቱን ስጠይቅ፣ ፌስቡክ ላይ የጻፍከውን አንተ ታውቀዋለህ አሉኝ። ያስገቡኝ ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ የእርጥብ ካልሲና የበረኪና ሽታ አለው። ሰው ስለበዛበት በጎን ካልሆነ አያስተኛም።

በማግስቱ፣ ማክሰኞ፣ ከቦኬ አንድ አዛውንት ገበሬ አመጡ። ስብሰባ ላይ ስለ መሬት ተናግረዋል ተብለው ነው። ሁላችንንም «ኢልመ ኮ» ይሉናል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ሴት ልጃቸው በየቀኑ ምግብ ይዛ ብትመጣም፣ በር ላይ ዝርዝሩን አይተው እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም እያሉ ይመልሷታል። ይህን የሰማነው ቤተሰቡ ከሚጠይቀው ሌላ እስረኛ ነው። እኛ ካካፈልናቸው ትንሽ ይቀምሱና ያመሰግናሉ።

ዓርብ ጠዋት የመዝገብ ክፍሏ ሳጅን ኮምፒውተር ጠጋኝ መሆኔን ሰምታ አስጠራችኝ። ማክሰኞ የገቡትን፣ አዛውንቱን ጨምሮ፣ ሦስት ሰዎች ኮምፒውተር ላይ ጽፋ እንደጨረሰች መብራት ሄዷል። ሲመጣ ማሽኑ በደህና ተነሣ፤ ፋይሉም በስሙ አለ፤ ሲከፈት ግን ባዶ ነው። የሰኞውን ቅጂ ከፍላሽ መልሳ እየሠራችበት ነበር። ሦስቱ እዚያ ላይ የሉም። ለአለቆቿም አልተናገረችም።

«ሴቭ አድርጌዋለሁ» አለችኝ። «በዓይኔ ነው ያየሁት።»

ብዙ ፈለግኩ፤ አላገኘሁም። ሴቭ ሲባል ማሽኑ ጽሑፉን መጀመሪያ መብራት ሲሄድ በሚጠፋው ሜሞሪ ላይ እንደሚይዘው፣ ወደ ዲስክ የሚያወርደው ትንሽ ቆይቶ እንደሆነ ነገርኳት። ዲስኩ ላይ የሚያደርገውን ለውጥ አስቀድሞ በማስታወሻ ይይዛል፤ መብራት ቢቋረጥ እሱን አንብቦ ራሱን ያስተካክላል። ማስታወሻው የሚጠብቀው ግን የፋይሉን ስምና ቦታ ነው፤ ውስጡ የተጻፈውን አይደለም። ስለዚህ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ሰዎቹ የሉም።

«እንግዲያው ዛሬ እንደገቡ አድርገህ ጻፍልኝ» አለች።

ፍርድ ቤት የሚቀርቡበት ጊዜ የሚቆጠረው ከተመዘገበው ቀን ነው። ዛሬ ከተባለ፣ ወለሉ ላይ ያሳለፏቸው ቀናት እንዳልነበሩ ይሆናሉ። እጄን ከኪቦርዱ አነሣሁ።

«የገቡት ማክሰኞ ነው። ሌላ ቀን ከሆነ እርስዎ ይጻፉት፤ እኔ አልጽፍም።»

እሷ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች።

«ማክሰኞ በል» አለች በመጨረሻ።

ስሞቹን እየነገረችኝ ጻፍኩ። ጽሑፉ ወደ ዲስክ እንዲወርድ አዘዝኩና የዲስኩ መብራት ብልጭታውን እስኪያቆም ጠበቅኩ። እሷም አብራኝ ጠበቀች።

ስመለስ ለአዛውንቱ የሆነውን ነገርኳቸው። ስለ ማሽኑ ያልኩትን አዳመጡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ኢልመ ኮ፣ አሁን አለሁ ማለት ነው?»

«አሉ፣ አባ። ከማክሰኞ ጀምሮ።»

በማግስቱ የልጃቸው ምግብ ገባላቸው።

እኔ ከሁለት ወር በኋላ ያለ ክስ ተፈታሁ። እሳቸው ቆዩ፤ ትክክለኛው ቀን መጻፉ አላስፈታቸውም። ሳጅኗን አንዳንዴ ጭሮ ገበያ ውስጥ አገኛታለሁ። ቀድማ ሰላም ትለኛለች፤ እኔም እመልሳለሁ። ያን ጠዋት ለምን እሺ እንዳለች እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።