ጋሽ ሰይድን የተቆጣሁ ጊዜ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ወጥ ቤቴ ውስጥ ላፕቶፗን ዘርግታ ሰው ስትቀጥር ሰማኋት። ሮተርዳም አጠገብ ካፔለ ላይ የከፈተችው የሕፃናት ማቆያ ሥራው ሰፍቶባት ሾፌር ትፈልጋለች። ስክሪኑ ላይ ያሉት ጸጉራቸው የሸበተ፣ በዕድሜ አባቷ የሚሆኑ ያገራችን ሰው ናቸው። እሷ እዚሁ ሆላንድ ተወልዳ ያደገች ናትና፣ «በቃ ማክሰኞ ና። እንዳታረፍድ ብቻ፣ ኦኬ?» ብላቸው ላፕቶፑን ከደነችው። ድንች እየላጥኩ ነበር። ልቆጣት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እኔ ያችን «እንዳታረፍድ» ከአፌ ለማውጣት ምን ያህል እንደተቃጠልኩ ትዝ ስላለኝ ነው።

ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ሮተርዳም ውስጥ ትንሽ የጽዳት ድርጅት አቋቋምኩ። ሥራው ሲጨምር የማውቀውን ሰው ሁሉ ቀጠርኩ፤ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸውን፣ ስደተኛ ካምፕ አብረውኝ የነበሩትን፣ የጓደኛዬን ያክስት ልጅ ሳይቀር። አለቃ ነኝ እንጂ የሚያዩኝ እንደ እህት ነበር። ዝናብ ነበር ይሉኛል፣ ትራም አመለጠኝ ይሉኛል። እኔም «ምንም አይደል፣ አይዟችሁ» እያልኩ የእነሱን ፎቅ ራሴ እወለውላለሁ።

ዴን ሃግ ከተማ ያለው ትልቅ ሕንፃ ጽዳት ሲመጣ ግን ይህ አላዋጣም። ጠዋት ጠዋት ሮተርዳም መሆን ስላለብኝ እዚያ የሚመራልኝ ፎርማን ግድ ሆነ። የመጀመሪያው ከሁሉም በላይ የሚያረፍደው ራሱ ሆነ። ሁለተኛው ደች አቀላጥፎ የሚናገር ወጣት ነበር፤ ቢናገር ማንም አልሰማ ሲለው ቁልፉን ጥሎልኝ ሄደ። የሕንፃው ኃላፊ ጠራኝና፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ፣ ሰኞ ቢሮዎቹ ሲከፈቱ ፎቆቹ ካልጸዱ ውሉ እንደሚፈርስ ነገረኝ። ለዚያ ሕንፃ ስል ትናንሾቹን ሥራዎች ለቅቄ ነበርና፣ እሱ ከሄደ የሁላችንም እንጀራ አብሮ መሄዱ ነው። በዚያ ሳምንት እህል ባፌ አልዞረም። ሜትሮ ባቡር ውስጥ ቆሜ አለቅሳለሁ፤ እዚህ አገር ደግሞ ሰው ሲያለቅስ ሁሉም ፊቱን ወደ መስኮት ያዞራል።

የቀሩኝ ጋሽ ሰይድ ብቻ ነበሩ። የደሴ ሰው ናቸው፤ ወደ ስልሳ የተጠጉ፣ በሆቴል ጽዳት ብዙ ሰው የመሩ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሲጣላ የሚያስታርቁ። እኔንም እንደመጣሁ ከኋላ ኮርቻውን ይዘው እየሮጡ ብስክሌት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ፎርማን እንዲሆኑልኝ ልለምናቸው ሆግቭሊት ሰፈር ቤታቸው ሄድኩ። ብርዱ የከረረ ነበር፤ ነፋሱ ከፔርኒስ ማጣሪያ የነዳጅ ሽታ ይዞ ይመጣል። ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ትኩስ የምስር ሾርባ ሰጡኝ፤ ማንኪያውን ይዤ ቀረሁ።

«ሥራውን እችለዋለሁ» አሉ ጋሽ ሰይድ ሰምተው ሲጨርሱ። «ግን ባረፍድ ምን ትይኛለሽ?»

«እርስዎ አያረፍዱም።»

«ባረፍድስ?»

«ምን አገኛቸው ብዬ እጨነቃለኋ!»

«እንግዲያው ምኑን አለቃ ሆንሽ? እስቲ አሁን ተቆጪኝ።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ተነሣሁና፣ «ጋሽ ሰይድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና...» ብዬ ቀረሁ። እትዬ ዘሀራ ከወጥ ቤት፣ «ኧረ ይተዉዋት እቴ! ልጅቷን ሊያስለቅሷት ነው?» አሉ። እውነትም አለቀስኩ። ጋሽ ሰይድ እሺም እምቢም ሳይሉኝ ሜትሮው ድረስ ሸኝተውኝ ተመለሱ።

ሰኞ ገና ሳይነጋ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ሠራተኞቼ የሕንፃው መግቢያ አዳራሽ ውስጥ ቆመዋል። ጋሽ ሰይድ ሊመጡ ይችላሉ ብያቸው ስለነበር አንድም የቀረ የለም። የቀሩት ራሳቸው ናቸው። ስልካቸው አይነሣም። «እንግዲህ እሳቸውም ከተዉት...» አለች አንዷ፣ ባልዲው ላይ ቁጭ እያለች። በቃ፣ አለቀልን ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

በሩ ተከፈተና ጋሽ ሰይድ ቀስ ብለው ገቡ። ሁሉም ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸው። እሳቸው መጥተው ፊቴ ቆሙ።

«አረፈድኩ» አሉ።

የዚያ ሁሉ ሳምንት ጭንቀት አንዴ ገንፍሎ ወጣ። «ሥራ የሚጀመርበትን ሰዓት አያውቁም? ይሄ ሁሉ ሰው እርስዎን ብሎ ቆሟል! ውሉ ዛሬ ቢፈርስ እነዚህን ልጆች እርስዎ ነዎት የሚያበሏቸው? ሁለተኛ እንዳይደገም!»

የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ። ከኋላዬ አንዱ «በስማም!» ሲል ሰማሁት። ጋሽ ሰይድ አንገታቸውን ደፉ።

«አጥፍቻለሁ። አይደገምም።»

ካፖርታቸውን አውልቀው ሰጡኝና ባልዲ አንሥተው ወደ ላይ ወጡ። ሌሎቹ ተከተሏቸው፤ አንዳንዶቹ ይሮጡ ነበር።

ካፖርቱን ልሰቅል ስል ከበደኝ። ከልብስ ማጠቢያ እንደወጣ ውሃው ይንጠባጠባል። ትራሙ የሚቆመው ደግሞ በሩ ፊት ለፊት ነው፤ ከዚያ የሚመጣ ሰው ትከሻው ይረጥብ እንደሆን እንጂ ገበሩ ድረስ አይበሰብስም። ለካ ከሁላችንም ቀድመው መጥተው፣ ተሰብስበን እስክንቆም ማዶ ቆመው ሲጠብቁ ነበር። ካፖርቱን አቅፌ ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ።

ፎቆቹ ጸዱ፣ ውሉም ተረፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔ ጋ ማርፈድ ቀረ፤ ጋሽ ሰይድን የተቆጣች ሴት ማንን ትምራለች? ጡረታ እስኪወጡ አብረን ሠራን። ስለዚያ ጠዋት እሳቸውም አላነሡ፣ እኔም አልጠየቅሁ።

ጋሽ ሰይድ ዐርፈዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ቀጥሬአለሁ፤ ክብሩን አውልቆ ለአለቃው ያለበሰ ግን ሌላ አላየሁም። ዛሬም ሰርግ ወይ ለቅሶ ቤት ስገባ የድሮዎቹ ለልጆቻቸው ሲያንሾካሹኩ እሰማለሁ፤ «ያቺ ናት፣ ጋሽ ሰይድን ያህል ሰው በሰው ፊት ያዋረደች።» ዞሬ እውነቱን ልነግራቸው ይቃጣኛል። ግን እሳቸው በዚያ ዝናብ የቆሙት ልክ እንዲህ እንዲባል ነበርና፣ ዝም እላለሁ።